ለሰኞው የገበያ ቆጠራ
ሰላም ለሁላችሁ፣

ሰኞ ደሴ ገበያ ስትወርዱ የቲማቲሙን የመደብ ዋጋ ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ። ሻጭ ዋጋውን ሳይነካ መደቡን ሊያሳንሰው ይችላል። መዝኑት፦ የ20 ብሩ መደብ 400 ግራም ከሆነ ኪሎው 50 ብር ነው። (ሳትገዙ ሚዛን ማውጣት ግን ያስቆጣል፤ አንድ መደብ ግዙ።)

ኢላስቲሲቲው ላይ (ዋጋ በመቶኛ ሲለወጥ ግዢ በመቶኛ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካው) ብዙ ሰው ይስታል። ዋጋ ከ40 ወደ 60 ብር ሲወጣ ግዢ ከ10 ወደ 8 ኪሎ ቢወርድ፣ ከመነሻው ሲሰላ 0.4 ይመጣል፤ ከ60 ወደ 40 ሲመለስ ግን 0.75። ስለዚህ ለውጡን ለአማካዩ አካፍሉ፦ ግዢው 2 ለ9፣ ዋጋው 20 ለ50፤ ከዚያ የግዢውን ለዋጋው አካፍሉ። ውጤቱ 0.56 ገደማ ነው፣ ምልክቱ ኔጌቲቭ።

የበዓል ዋዜማ ዋጋ ለብቻው ይጻፍ፤ ያኔ የሚንቀሳቀሰው የፍላጎት ከርቩ (በየዋጋው ምን ያህል እንደሚገዛ የሚያሳየው መስመር) ራሱ ነው።