ለደንበኞቻችን፦ ስለ ዘንድሮው የኮሶ ችግኝ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የኮሶ ችግኝ ከ30 ብር ወደ 45 ብር በመግባቱ፣ ቁጥሩም በማነሱ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። «እናንተም ጨከናችሁ?» ያሉኝ አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ቃሉ አሞኛል። ለተጉላላችሁት ይቅርታ። ውሳኔው ግን ታስቦበት የተደረገ ነው።

ዘር ቅርብ ካለ አንድ ዛፍ መልቀም ቀላልም ርካሽም ነው። ከአንድ እናት የወጡ ችግኞች ግን ወንድምና እህት ናቸው። አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ ዘራቸው እየደከመ ይሄዳል። ሰዉ እንኳ ሲዳር ዘር ይቆጥራል! በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣም አንዱን የጣለው ሌላውንም ይጥለዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ከደሴ ዙሪያና ከኩታበር፣ ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ዛፎች ነው ያስለቀምነው።

ኮሶ ደግሞ ዘሩን ለማግኘት ከሌላው ይብሳል። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ለኮሶ ትል የሚጠጣው የሴቷ ቀላ ያለ አበባ ነው፤ ዘር ሳይይዝ ይሸመጠጣል። ወንድ በአቅራቢያ ከሌለም ዘር የለም። ችግኙ አድጎ እስኪያብብ ድረስ ጾታው አይለይም። «አንድ ይበቃኛል» ለሚለኝ ሁሉ «ጨመር አድርግ» የምለው ለገበያ ብዬ አይደለም።

«ችግኙ እኩል አይደለም» ላላችሁኝ፣ እናቶቹ ስለሚለያዩ ነው። መደቡ ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የአንዱ ቅጠል ጀርባ ብርማ ጸጉር አለው፣ የሌላው ልሙጥ አረንጓዴ ነው። አጭሩን አንጥልም፤ ድርቁን የሚችለው እሱ ሊሆን ይችላል።

ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ነገር አስቡት። ልጣጩ ለፕሮስቴት መድኃኒት ይፈለጋል። ካሜሩንና ማዳጋስካር ውስጥ ክፉኛ ተልጦ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የውጭ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ኮሷችን እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አልፈልግም።

ወጪውንም ታውቁታላችሁ። ናፍጣው፣ ላስቲኩ፣ የለቃሚው አበል፣ ሁሉም ጨምሯል። የየዛፉን ዘር ለየብቻ አፍልቶ ማሳደግም ሰው ይፈልጋል።

አባቴ ይህን ቦታ ሲጀምር ገበያው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። እሱ ግን ኮሶና ወይራ ማፍላቱን አልተወም። ያኔ የገዙት ዛሬ ልጆቻቸውን ይልካሉ። በ15 ብር እንዳንለያይ እለምናችኋለሁ።

ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ። ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግቢ የሚተክሉም እንደዚያው። ዝናቡ ሳያልፍ ኑ።

የችግኝ ጣቢያው ባለቤት፣ ደሴ