የምስጋና መልእክት፦ ስማቸውን መጻፍ ለማልችል ሰዎች

ይህን የምጽፈው ከሲያትል ነው። ስሜን አልጽፍም፤ የልጄንም አልጽፍም። እንጀራዬን የምትበሉ ሁሉ ማን እንደሆንኩ ገና ሁለት መስመር ሳታነቡ ታውቁታላችሁና እባካችሁ ስታጋሩት ስሜን አትጨምሩበት። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት የፈለገ ይደውልልኝ።

ልጄ በሰኔ 2024 በሲቪል ምህንድስና በዲግሪ ተመርቋል። ላመሰግን የተነሣሁትም ለዚህ ነው። ግን ዝም ብዬ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብል ምን እንደተደረገልኝ አይታወቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

አሜሪካ የገባነው በ2013 በጉብኝት ቪዛ ነው። እሱ 12 ዓመቱ ነበር። ጥገኝነት በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ እንዳለበት አላውቅም ነበር። «ወረቀትሽን እኔ እጨርሰዋለሁ» ያለኝ ሰው ገንዘቤን ተቀብሎ ዛሬ ነገ ሲለኝ ዓመቱ አለፈብኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ የኖረበት ያውቀዋል። ልጄ ግን ትምህርት ቤት ሲገባ ማንም ወረቀት አልጠየቀውም። ለካ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወረቀት የለህም ተብሎ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር ወስኖ ኖሯል። እኔ በጊዜው «ደግ ሰዎች ናቸው» እያልኩ ነበር የምመርቃቸው። 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ደግነቱም ያለቀ መሰለኝ። ኦባማ በ2012 ያመጡት፣ በልጅነታቸው መጥተው ወረቀት ለሌላቸው ከመባረር ከለላና የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ዳካም አይመለከተውም፤ እሱ ከሰኔ 2007 በፊት ለገቡ ልጆች ነው፣ እኛ ስድስት ዓመት ዘግይተን ነው የደረስነው።

በ2019 ሃይስኩል ጨረሰና ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አመለከተ። ቅጽ ለሚሞላልን ሰው 250 ዶላር ከፈልን። አበሻ ነው፤ ስሙን ትቼዋለሁ፣ ቂሙን ግን ገና አልተውኩም። «ቪዛ ይዞ የመጣ ስለሆነ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ነው የሚከፍለው» አለና በዚያው አስመዘገበው። ለአንድ ኳርተር፣ ማለት ለሦስት ወር ገደማ ትምህርት፣ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ! እኔ ቀን ቀን አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ፣ ሌሊት እጋግራለሁ። ሁለት ኳርተር እንደምንም ከፈልን። ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ኮቪድ መጣ። የምጠብቃቸው እናት ልጆች ከውጭ ሰው እንዳይገባባቸው ፈሩ፣ ሥራዬ ቆመ። ልጄ ላፕቶፑን ዘጋና «እማ፣ በቃኝ። መኪና እጥባለሁ» አለኝ። አልተከራከርኩትም። ዛሬም ድረስ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ምግብ ይታደል ነበር። መኪናችን ተራው ደረሰና ልጄ ካርቶኑን ሊቀበል ወረደ። የምታድለው ልጅ ፊቷን በማስክ ሸፍናለች። በእንግሊዝኛ «ምን ትማራለህ?» አለችው። «ትቻለሁ» አላት። «ለምን?» ስትለው ዝም። ካርቶኑን አንድ ጫፍ እሱ ይዞታል፣ ሌላውን እሷ አልለቀቀችም። ድምጿን ቀነሰችና በአማርኛ «ወረቀት ነው?» አለችው።

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሰማኋት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን አንዲት የማላውቃት ልጅ ከመኪና ማቆሚያ መሐል ስትናገረው ልቤ ቀጥ አለ። «ግባ፣ እንሂድ!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ስልኩን ሰጥቷት ነው የገባው።

ማታ ደወለች። «እትዬ፣ አይደንግጡ። እኔ የምሠራው ኮሌጅ ውስጥ፣ ፋይናንሺያል ኤይድ፣ የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ነው። ልጅዎ የማይመለከተውን ዋጋ ነው ሲከፍል የከረመው።»

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም። እኛ ያለንበት ዋሽንግተን ስቴት በ2003፣ ጋሪ ሎክ ገቨርነር በነበሩ ጊዜ፣ እዚሁ ሃይስኩል የጨረሰና ሦስት ዓመት የኖረ ልጅ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም የነዋሪ ክፍያ እንዲከፍል ሕግ አወጣ። አሁን ሦስት ዓመቱ ወደ አንድ ዓመት ዝቅ ብሏል። ሰዎቹ በቁጥሩ «ቴን ሰቨንቲ ናይን» ይሉታል። የነዋሪና የሌላው ልዩነት ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ያኔ በትልቁ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ነዋሪው በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር ሲከፍል ሌላው ወደ 39 ሺህ ይከፍል ነበር። በ2014 ደግሞ የጊዜው ገቨርነር ጄይ ኢንስሊ ሪል ሆፕ የሚባለውን ሕግ ፈረሙና ለእነዚሁ ልጆች የስቴቱ የገንዘብ እርዳታ ተፈቀደ። ማመልከቻው ዋስፋ ይባላል። ሁሉም የሚያወራለት ፋፍሳ የፌዴራሉ እርዳታ ማመልከቻ ነው፤ ወረቀት የሌለው እሱን አይነካውም። ዋስፋ የስቴቱ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖርህም ትሞላዋለህ። ይህችን አለማወቃችን አንድ ዓመትና ወደ 7 ሺህ ዶላር በላችብን።

የገቢ ማስረጃ ሲባል ደነገጥኩ። ደግነቱ ቸል ሳልል በየዓመቱ በአይቲን፣ ሶሻል ለሌለው በሚሰጠው የታክስ ቁጥር፣ ታክስ አስገባ ነበር፤ እዚያ ላይ አላፈርኩም። ያስጨነቀኝ ቃለ መሐላው ነው። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ልጁ «ሕጉ ሲፈቅድልኝ ቋሚ መኖሪያ አመለክታለሁ» ብሎ ይፈርማል። ይህ ማለት ወረቀት እንደሌለው በገዛ እጁ መጻፍ ነው። ሰባት ዓመት የደበቅኩትን ልጅ በፊርማ ላስረክብ? ልጅቷ አልገፋፋችኝም። «ሕጉ የስቴቱ ነው፣ የፌዴራል አይደለም፤ እኔም ካሉት ልጆች ብዙዎቹን አስፈርሜያለሁ። ግን እትዬ፣ ፍርሃትዎን አልንቅም። ተነጋግራችሁ ደውሉልኝ» አለችኝ። ያቺ «አልንቅም» ያለችው ቃል ናት ያሸነፈችኝ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ሌሊት፣ ሐምሌ ላይ ነው፣ ምጣድ ላይ ቆሜ ሳለሁ ልጄ ወረቀቱን አትሞ መጣና ሞሰቡ ክዳን ላይ አስደግፎ ፈረመው። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ የምይዘው ስላጣሁ ያወጣሁትን እንጀራ መልሼ ምጣዱ ላይ ጣልኩት። ከታች አረረ፤ ያንን ያረረ እንጀራ ነው ሁለታችን ቆመን የበላነው።

ዕድላችን ሆኖ በዚያው መስከረም የስቴቱ የቀድሞ ግራንት፣ ማለት የማይመለሰው የገንዘብ እርዳታ፣ በዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት ተተካ። ድሮ መስፈርቱን አሟልተው ሳለ በጀት አለቀ እየተባሉ የሚቀሩ ልጆች ነበሩ፤ አዲሱ ግን ላሟላ ሁሉ የሚደርስ ነው። ቱይሽኑን፣ የትምህርት ክፍያውን፣ ሸፈነለት። ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፤ የተማረውን እኔ ልናገረው አልችልም፣ ኮንክሪት ሲሰብሩ ውለው አቧራ ለብሶ ሲመጣ ግን አይቻለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬ።

አንቺ ካርቶኑን ያልለቀቅሽ ልጅ፣ ወልደሽ ሳሚ። ያን ቀን «ግባ እንሂድ» ብዬ የጮህኩት አንቺን ንቄ አልነበረም።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ይህን አማርኛ ለማያነቡ ልጆች ነው። እነዚያን ሕጎች ያስወጡት አብዛኞቹ የሜክሲኮና የሌላው ላቲን አሜሪካ ልጆች ናቸው። የስቴቱ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ ድረስ ሄደው፣ ምክር ቤቱ ፊት ቆመው «ወረቀት የለኝም» ብለው በስማቸው ተናገሩ። እኛ በዚያው ጊዜ የጎረቤት ልጅ ኮሌጅ ያልገባው ለምን እንደሆነ እያወቅን «ሰንፎ ነው» እንባባል ነበር። እኔም ብያለሁ። የእነሱን ድፍረት ልጄ ተምሮበታል።

የእቁባችን እናቶች፣ ለመጽሐፍና ለላፕቶፕ ብላችሁ ዕጣ ሳይወጣ የመጀመሪያውን ለእኔ የሰጣችሁኝ፣ ለምን እንደፈለግኩት አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ግራንቱ ቱይሽን ይከፍላል እንጂ አውቶቡስ አይከፍልም፣ ምሳ አይገዛም፤ ልጁ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ስለሌለው እንደ ጓደኞቹ ላይብረሪ ውስጥ ሊሠራ አልቻለም። የሒሳብ መምህሩ የራሱን ካልኩሌተር ሰጥቶት «ስትጨርስ ለሌላ ስጠው» ብሎታል፤ ተሰጥቷል። የንስሐ አባቴ፣ በመጨረሻ ስነግርዎት «አውቄው ነበር፣ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነው» ያሉኝን አልረሳውም። ትንሽ ተናድጄብዎት ነበር።

አሁን ሁሉ ነገር ተሟላ እንዳትሉኝ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ነው፤ የሥራ ፈቃዱ ግን የለም። ጠበቃ ይዘናል፣ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ጠበቃ።

ልጅ ያላችሁና እንደኔ የምትሸማቀቁ፦ ቅጽ እሞላለሁ ለሚል ሰው ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ውስጥ ያለውን የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ «ዋስፋ» በሉት፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጠይቁ፤ ካሊፎርኒያ በ2011 የራሱን ሕግ አውጥቷል፣ ሜሪላንድ የነዋሪ ክፍያውን በ2012 በሕዝብ ድምፅ አጽድቋል። አትላንታ ያላችሁ እኅቶቼ፣ የእናንተ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጆርጂያ ወረቀት በሌላቸው ልጆች ላይ አንዳንዶቹን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጭራሽ ዘግቶባቸዋል።

በመጨረሻ፦ ለምርቃቱ ዶሮ ወጥ የመጣበት፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ትልቁ ድስት እስካሁን እኔ ጋ ነው። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። የማን እንደሆነ ብጠይቅ ሁሉም «የኔ አይደለም» አለኝ። ባለቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፣ ቡና አፈላለሁ፤ ባዶውን ግን አልመልሰውም።