ግልጽ ደብዳቤ፦ «ልምድ የላችሁም» ላሉን የጽ/ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጽፍም። ደብዳቤው ለእርስዎ መሆኑን ግን ያውቁታል። ስለ ፌርማታ መጠለያው ጨረታ ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል፤ መዝገብ ቤት ማኅተም የመታባቸው ቀሪዎች በእጃችን አሉ። እኔ ራሴ ቢሮዎ ድረስ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «መስክ ወጥተዋል»፣ «ሰኞ ተመለሺ» ተባልኩ። ሰኞ ተመለስኩ፤ አልነበሩም። ከዚህ በኋላ በር ላይ አልቆምም፣ በአደባባይ እጠይቅዎታለሁ።

እኛ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ በአንዲት ጠባብ ሼድ ውስጥ ብረታ ብረት የምንሠራ ስድስት ሰዎች ነን። አራታችን ሴቶች ነን። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ መስማት የተሳነው ነው፤ ከሁላችንም የጠራ ብየዳ የሚወጣው ከእሱ እጅ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተናል። ንግድ ፈቃዳችን በየዓመቱ ይታደሳል፣ ግብራችንንም እንከፍላለን። በርና መስኮት እንሠራለን፣ የባጃጅ ሻንሲ ሲሰነጠቅም እንበይዳለን።

ባለፈው ዓመት የአውቶቡስ ፌርማታ መጠለያ ከነአግዳሚ ወንበሩ ለማሠራት ጨረታ አወጣችሁ። 12 መጠለያ። ለእኛ ትልቅ ሥራ ነበር። ሌሊቱን ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። ቱቦላሬው፣ ላሜራው፣ ኤሌክትሮዱ፣ አንቲረስቱ፣ የመኪና ጭነቱ ሳይቀር ተደመረ። ለአንዱ መጠለያ 96 ሺህ ብር ሞልተን አሸግን።

ፖስታው በተከፈተበት ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ መጀመሪያ የፈለጉት ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሰጠው የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ ነበር። እኛ ያስገባነው ያደራጀን መሥሪያ ቤት የጻፈልንን የዋስትና ደብዳቤ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ተጫራች ይህን ማቅረብ እንደሚችል የራሳችሁ የጨረታ ሰነድ ይናገራል። ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። ሰብሳቢው ደብዳቤውን በጣታቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፉት። አላነበቡትም። «ይሄ ወረቀት ነው፣ ገንዘብ አይደለም» አሉ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ተጫራቾች ዞር ብለው አዩኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ሲፒኦ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት። የተጠየቀው 40 ሺህ ብር ነበር። ብሩ ከሒሳባችን ወጥቶ ጨረታው እስኪያልቅ ይታሰራል። ወር ይሁን አራት ወር አይታወቅም። በዚያ ብር እኛ ብረት እንገዛለን፣ የሼድ ኪራይ እንከፍላለን። እሱ ከታሰረ ስድስት ቤተሰብ ታሰረ ማለት ነው። የዋስትና ደብዳቤ የሚባለው ነገር የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ በሲፒኦ ፈንታ ይህን ደብዳቤ የፈቀደው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው። ክልሉ የራሱ የግዥ ሕግ እንዳለው አውቃለሁ። ግን የእናንተም ሰነድ ያንኑ ብሏል። እርስዎ ደግሞ ሰነዱ ላይ ፈርመውበታል።

ደብዳቤው አልበቃ ብሎ «የሦስት ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ልምድ የላችሁም» የሚል ተጨመረበት። ወደቅን። ያሸነፈው ድርጅት ለአንዱ መጠለያ የሞላው 128 ሺህ ብር ነው። ሁላችንም ፊት ጮክ ተብሎ ተነቧል። በአንዱ 32 ሺህ፣ በ12ቱ 384 ሺህ ብር ልዩነት አለው። ይህ ገንዘብ የከተማው ሕዝብ ነው።

ከዚያ የሆነውን እርስዎ ላይሰሙት ይችላሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአሸናፊው ሰው በፒክአፕ ሼዳችን በር ላይ ቆመ። ንድፉን ዘረጋ። የእናንተው ንድፍ ነው፣ ማኅተሙ ሁሉ አለበት። «ብረቱን እኔ አመጣለሁ፣ እናንተ በእጅ ሥራ ዋጋ ሥሩልኝ» አለ። ለአንዱ 9 ሺህ ብር። ሥራ የለንም ነበር፤ ተቀበልን። 12ቱንም እኛ ቆረጥን፣ እኛ በየድን፣ እኛ ቀባን። ሰባት ሳምንት ፈጀብን። ልምድ የላችሁም የተባልንበትን ሥራ በሙሉ እኛው ሠራነው። ግማሹ ክፍያ በአራተኛው ወር ደረሰን። ግማሹ እስከ ዛሬ የለም።

ወደ መናኸሪያው መንገድ ላይ ካሉት መጠለያዎች አንዱ ሥር ባለፈው ሳምንት ዝናብ ይዞኝ ተጠለልኩ። ከገበያ የተመለሱ እናት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከወንበሩ እግሮች ሦስተኛው ላይ ግራይንደር ያለፈበት ጭረት አለ። የእኔ ነው። መብራት ጠፍቶ ድንገት ሲመለስ እጄን አንሸራትቶኝ ነው፤ ቀለም ደርቤበትም ይታያል። እናትዬዋ «ተቀመጪ እንጂ ልጄ፣ ይበቃናል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት አልቻልኩም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሥራው ሲያልቅ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ የተጻፈው ለአሸናፊው ነው። እኛ ስንጠይቅ «ከእናንተ ጋር ውል የለንም» ተባልን። ስለዚህ በሚቀጥለው ጨረታም ልምድ የለንም። በሚቀጥለውም። አሥር ዓመት ብንበይድ በወረቀት ላይ ጀማሪ እንደሆንን እንኖራለን። ልምዱን የምናገኘው ከየት ነው? ይህን አንድ ጥያቄ እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ።

ሌላው አገር መላ አበጅቶለታል። ኬንያ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶውን ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች መድባለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ የአሜሪካኑን አንብቦ አስረዳኝ። እዚያ የፌዴራል መንግሥት ለመንገድና ለሕዝብ ትራንስፖርት ከሚያወጣው ገንዘብ ቢያንስ 10 በመቶው ዕድል ለተነፈጋቸው አነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስ በሕግ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1987 ተጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ሴት በመሆን ብቻ መካተት ቀርቷል። ዋናው ተቋራጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ከሥሩ ለሠራው መክፈል አለበት የሚል ደንብም አላቸው። ይህን ስሰማ ያልተከፈለን ግማሹ ብር ትዝ አለኝ።

እኛም ሕግ አላጣንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል ተወዳዳሪ እንዲሆኑ ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ተጽፎ አለ። ከጽሑፉ እስከ ጨረታ አዳራሹ ያለውን መንገድ የሚዘጋው የእናንተ ጠረጴዛ ነው።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። መጠለያዎቹን ማን እንደሠራቸው መሐንዲስ ልከው ያጣሩ። ሼዳችን ክፍት ነው፤ የቆረጥንበት መለኪያ፣ የተረፈው ቱቦላሬ፣ በሥራው ላይ ያነሳነው ፎቶ ሁሉ አለ። ከዚያ የሠራነውን ሥራ በስማችን ይጻፉልን። ቀሪው ክፍያችን እስኪደርሰን ድረስም የአሸናፊውን የመጨረሻ ክፍያ ያቆዩልን።

የሁለተኛው ዙር የፌርማታ ጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። የሚከፈተው ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ፖስታችንን አሽገናል፣ የዋስትና ደብዳቤው ውስጡ አለ። ስድስታችንም አዳራሹ ውስጥ እንገኛለን። በዚያ ቀን ስብሰባ አይያዙ፤ ሰብሳቢው ደብዳቤውን ሲያነቡት አጠገባቸው ይቁሙ።