ፕሬዚዳንት የሚመርጡልን ዕጩዎች ሐሳባቸውን ይንገሩን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩ አንድ ዕጩ እዚህ ደሴ በጠሩት የምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የምጽፈው ለመደገፍም ሆነ ለመንቀፍ ስላልሆነ የእርሳቸውንም የፓርቲያቸውንም ስም አልጠቅስም። ንግግራቸው፣ ድምፅ ማጉያው ከኋላ ለተቀመጥነው ብዙም ባይረዳንም፣ ከጠበቅሁት በላይ ፍሬ ነበረው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱና አገራችን ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው የአጎዋ ዕድል ተጠቃሚነት በመውጣቷ ስለደረሰበት ጉዳት፣ እንዲሁም በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ እኛ እስካሁን ልንሳፈርበት ስላልቻልነው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መስመር በሰፊው ተናግረዋል።

በጥያቄ ሰዓት ግን አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ሰው እንዲህ እንደ አንተ ፊታችን ቆሞ ሐሳቡን የሚነግረን መቼ ነው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ዕጩውም፣ «አባቴ፣ እርሱ በሕገ መንግሥቱ የተወሰነ ነው» ብለው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ።

በእኔ አስተያየት የዕለቱ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ያ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ የሚመረጠውም ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው። የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ደሴ መጥቶ ድምፅ የሚለምንበት ምክንያት ስለሌለ፣ ስለ ጉዳዩ ልንጠይቀው የምንችለው ሰው በእኛ ስም ድምፅ የሚሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። የአሁኑ ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡት መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በመሆኑ የስድስት ዓመት የሥራ ዘመናቸው የሚያበቃው በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ዛሬ ድምፃችንን የሚጠይቁን ሰው ቢመረጡና የምክር ቤቱን አምስት ዓመት ቢጨርሱ፣ ያን ጊዜ እጃቸውን ከሚያወጡት አንዱ ይሆናሉ።

የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የክብር ብቻ ነው፣ ምን ያደርግልናል የሚሉ አሉ። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርምበትም ሕጉ ሥራ ላይ መዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን በሕግ መሠረት ይቅርታ የሚያደርገው እርሱ ነው፤ ይህም ዘመዱ እስር ቤት ላለበት ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞስ ሥልጣኑ ይህን ያህል አነስተኛ ከሆነ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚደግፉ መናገር ዕጩዎቹን ምን ያስፈራቸዋል? ከፓርቲ ፖለቲካ የራቀ ሰው ይሻላል ወይስ በፖለቲካ የተፈተነ? የመንግሥትን ስሕተት በአደባባይ የሚናገር ወይስ ዝም የሚል? «ፓርቲዬ የሚወስነውን እከተላለሁ» የሚሉ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ይንገሩን፤ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሆነ ስለሚደነግግ መልሳቸውን ከዚያ ጋር ማስተያየት የእኛ ፋንታ ይሆናል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ከዕጩዎች ጋር በሚያደርገው ቃለ መጠይቅ የእኒያን አዛውንት ጥያቄ እንዲያካትትልን፣ የምርጫ ክርክር አዘጋጆችም ከመንገድና ከውኃ ጥያቄዎች ጋር እንዲያቀርቡት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ