የተቃጠለው ፍሎረሰንት የት ይጣል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ብርሃን ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን ሥራ ሞልቷል። ፋብሪካውም መጋዘኑም ፍሎረሰንቱን እያወረደ ኤልኢዲ እየሰቀለ ነው። ደስ ይላል፤ ለእነሱ ቆጣሪው ቀስ ይላል፣ እኔም እንጀራዬን እበላለሁ። የወረደው አምፖል የት ይሂድ ሲባል ግን መልስ ያለው ሰው የለም።

በቅርቡ አንድ ፋብሪካ (ስሙ ይቆየን) ያወረድነውን ሁሉ ከአጥሩ ጀርባ ከመረው። ቁራሌው መጣና ለመዳቡ ሲል ባላስቱን (የአምፖሉን ኃይል መቆጣጠሪያ) ለቅሞ ሄደ። መስታወቱን የሠፈር ልጆች ወረሱት። ሲሰበር እንደ ርችት ይጮሃላ! ዘበኛውን "ጋሼ፣ ኧረ ይከልክሏቸው፣ መርዝ አለበት" ብላቸው፣ "ተቃጥሎ የለ እንዴ ልጄ፣ ምን መርዝ ቀረው?" አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። ማን ነግሯቸው? አምፖሉ ቢቃጠልም ውስጡ ያለው ሜርኩሪ የትም አይሄድም። መጠኑ ጥቂት ሚሊግራም ቢሆን ነው። መስታወቱ ሲሰበር ግን ይተናል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በትንፋሽ ከገባው አብዛኛው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ሲደጋገም እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስረሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። አንድ አምፖል ተሰበረ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ከፍቶ ለሩብ ሰዓት ያህል መውጣት፣ ከዚያ በመጥረጊያ ሳይሆን በካርቶን ሰብስቦ ክዳን ባለው ጠርሙስ መክተት ነው። (በእኛ ብርድ መስኮት ክፈቱ ማለት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ።)

እኔን የሚያሳስበኝ ክምሩ ነው። ዝናብ ያጥበዋል፣ ጎርፉ ወደ በረሳ ወንዝ ይወርዳል። ሜርኩሪ ውሃ ውስጥ ገብቶ ደለል ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያዎች ወደባሰ መርዝ ይለውጡታል፤ ሜቲል ሜርኩሪ ይሉታል። ጃፓን፣ ሚናማታ ላይ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ይህንኑ መርዝ ባሕር ውስጥ ሲለቅ ኖረ። ዓሣው በላው፣ ሰውና ድመት ዓሣውን በሉ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ ሆነ። ደህና የሚመስሉ እናቶች ሳይቀሩ አእምሯቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ። ፋብሪካው መልቀቁን ያቆመው ግን በ1968 ነው! የእኛ አምፖል ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ላጋንን አልፈልግም። ግን በረሳ ዳር ልብስ ይታጠባል፣ ጎመንም በመስኖ ይለማል።

በሚናማታ ስም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገራት በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው፣ ፍሎረሰንት ማምረትም ከአገር አገር መነገድም እስከ 2027 ማብቂያ እንዲቀር ወስነዋል። ስለዚህ የሚወርደው አምፖል ገና ይበዛል።

ማዘጋጃ ቤቱ የሚቆለፍ አንድ ኮንቴይነር ያስቀምጥልን። ኤልኢዲ የሚያስገቡ ድርጅቶችም አሮጌውን ማን እንደሚያነሳ ውሉ ላይ ይጻፉ። እኛ ሠራተኞቹ ሳንሰብር፣ በአዲሱ አምፖል ካርቶን አሽገን እናመጣለን። ቦታውን ብቻ ያሳዩን።

አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ
ከደብረ ብርሃን