ከሠርጉ በፊት እንድታነበው

ጅማ፣ ታኅሣሥ

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ምግብ ሳትበላ የተለካው የደምህ ስኳር 118 መሆኑን የሰማሁት ከእህትህ ነው፤ ከራስህ አፍ ብሰማው ይሻለኝ ነበር። እዚህ ሐኪም ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ በተደጋጋሚ ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ግን ሰው አመጋገቡን ካስተካከለና ሰውነቱን ካንቀሳቀሰ ሊመለስ የሚችል ነው።

ስለዚህ በጥር ለአክስትህ ልጅ ሚዜ ሆነህ ስትመጣ፣ በባዶ ሆድህ ድግስ እንዳትገባ። ሚዜ ከማለዳ ጀምሮ ሲጨፍርና ፎቶ ሲነሣ ውሎ ምሳ የሚቀርብለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ እጁ የሚገባው ለስላሳና ጠጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን ስኳር አንድ ጠርሙስ ኮካ ብቻውን ያልፈዋል። አንተ ውሃ ወይም አምቦ ውሃ ያዝ፤ ጠጁንም ለምርቃቱ ያህል ብቻ ቅመስ። የሱፍህን ልኬት ዛሬውኑ ለእህትህ ላክላት።

አጎትህን አስበው። ኢንሱሊን ይወጋ እንደነበር ታውቃለህ። በዚያ በሄርማታው ሠርግ ቀን መድኃኒቱን ወስዶ ሳለ፣ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ከጓደኞቹ ጋር አረቄ ሲጠጣ ቆየ። መድኃኒቱ ስኳሩን ያወርደዋል፤ ጉበቱም በአረቄው ተይዞ የጎደለውን መተካት አልቻለም። ላብ አጠመቀው፣ አንደበቱም ተሳሰረ። ሰዎቹ ሰክሯል ብለው ከድንኳኑ ጀርባ አስተኙት፤ ማታ ሲቀሰቅሱት አልነቃም። ገና ማላብ ሲጀምር ስኳር የበዛበት ሻይ የሚሰጠው ሰው ቢገኝ ኖሮ ወንድሜ በተረፈ ነበር። እኔ ወጥ ቤት እንጀራ ስቆርስ ነበርሁ፤ ዛሬም ድረስ የሠርግ ከበሮ ስሰማ ያንን ድንኳን አስባለሁ።

አንተ መድኃኒት ስለማትወስድ ነገሩ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የራበው ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያነሣ በባዶ ሆድህ አትግባ እልሃለሁ። በሠርጉ ጠዋት በጎመንና በእንቁላል ቁርስ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ፤ ያን ሳትበላ ከቤት አትወጣም። ምግቡ ሲነሣ ሰላጣውንና ጎመኑን አስቀድም፣ ዶሮ ወጡን በልክ ጨምር፤ ቁርጡን ግን የኮሶ ትል ስለሚያመጣ ተወውና ጥብሱን ብላ። አክስቶችህን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ካሉ ትንንሽ አድርገው ሁለት ያጉርሱህ፣ ከዚያ በኋላ ግን እጅህን በደረትህ ላይ አድርገህ በአክብሮት እምቢ በል። ቡናውንም ያለ ስኳር ልመደው፤ የጅማ ልጅ ሆነህ የቡናን ጣዕም በስኳር መሸፈንህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የተመረመርህበትን ወረቀት ይዘህ ና፣ ፈቃድህንም በሁለት ቀን አስረዝም፤ ከሠርጉ በኋላ አብረን ሄደን እንደገና እናስለካለን።

እናትህ