ለልጄ፣ ስለዛች ቡናማ ሺልድበግ

ሚሚዬ እንዴት ነሽልኝ? የሺልድበጓ፣ የዛች ጀርባዋ ጋሻ የሚመስል ነፍሳት፣ ፎቶ ደርሶኛል። «ባባ ይቺ ሌላ ዘር ናት፣ በሰመር ያየናት እኮ አረንጓዴ ነበረች» ያልሽው ግን አይደለም፣ ያችው ናት። ግሪን ሺልድበግ ነች፣ በሳይንስ ስሟ ፓሎሜና ፕራሲና፣ እንግሊዝ አገር በየቁጥቋጦው የሞላች። ሰመሩን ሙሉ ቅጠል መስላ ትከርምና ኦክቶበር አካባቢ ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር እሷም ቡናማ ትሆናለች፣ ከዛ የረገፈ ቅጠል ውስጥ ገብታ ብርዱን ታሳልፍና ስፕሪንግ ላይ እንደገና አረንጓዴ። እኔን የሚገርመኝ ይሄን ሁሉ የምታደርገው ቆዳዋን ሳትጥል መሆኑ ነው፣ ክንፍ ካወጣች በኋላ ቆዳ መቀየር የሚባል ነገር የለም እኮ።

ስለዚህ በቀለም ብቻ አትፍረጂ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ትልቅ ሦስት ማዕዘን እይ፣ ከሱ በታች ደግሞ ስስ የሆነውን የክንፍ ጫፍ፣ ዋናው እሱ ነው። የፓሎሜና ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ነጣ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነና የሦስት ማዕዘኑ የላይኛው ጠርዝ ላይ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ተደርድረው ካየሽ ግን ኔዛራ ቪሪዱላ የምትባል ሌላ ሺልድበግ ናት። እሷ እንኳን መነሻዋ ወደኛ ወደ ምስራቅ አፍሪካ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፣ ለንደን ውስጥ ስትራባ የተገኘችው በፈረንጆቹ 2003 ነው፣ ስደተኛ በያት ሃሃ። ቲማቲምና ባቄላ ትመጥጣለች፣ አሎትመንት (ተከራይተው አትክልት የሚተክሉበት መሬት) ያለው ሰው አይወዳትም። ቀኑ ሲያጥር እሷም ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ትቀየራለች፣ ለዚህ ነው ኦክቶበር አካባቢ ሁለቱን በቀለም መለየት የማይሆነው። ክንፍ ያላወጡት ትንንሽ ልጆቿማ አንዳንዴ ጭራሽ ጥቁር ሆነው ነጫጭ ነጠብጣብ አላቸው፣ እናትና ልጅ ናቸው ብሎ ማን ያምናል። እስከ ትልቅነት አምስት ደረጃ ያልፋሉ፣ በየደረጃው መልካቸው ይለያያል።

ያንቺ ፎቶ ላይ የክንፉ ጫፍ ጠቆር ያለ ነው፣ ለዛ ነው ፓሎሜና ያልኩሽ። ሌላ ጊዜ ስታነሺ ግን ቀረብ ብለሽ ከላይ አንሺ፣ ጀርባዋ በሙሉ ይታይ፣ ጥላሽ እንዳያርፍባት። ክፍልሽ ገብታብሽ ከሆነ ደግሞ ሂተር አጠገብ አትተያት፣ በወረቀት አንስተሽ ውጪ አጥር ስር ቅጠል ላይ አድርጊያት። በጣትሽ እንዳትጫኛት ብቻ፣ ያ ሽታዋ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች፣ እሁድ ደውይላት።

ባባ